የአባባ ተረከዝ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13፣ ጧት

ሳክስፎኑን ከተጠቀለለበት ነጠላ እየፈታሁ ነው። አባባ በጾም አይነፉም፤ ትናንት ግን ፋሲካ ነበር። ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። በብርዱ ወራት የመታቸው ስትሮክ ቀኝ እግራቸውን አደንዝዞታል።

ነፉ። ድምፁ ያው ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ። ጎረቤታችን ጣልያናዊቷ ሲኞራ ግድግዳ አልደበደበችም። አሎራ፣ እንግዲህ ተፈቅዶልናል።

እሑድ ሮማኒና ሰፈር፣ ሰርግ ላይ ይጫወታሉ። የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን አላየሁም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15፣ ከሰዓት

ልምምድ። አልተጀመረም።

አባባ ዘፈን በቁጥር አያስጀምሩም። በወጣትነታቸው፣ አዲስ አበባ፣ ሌሎች ባንዶች ተቀምጠው ኖታ እያዩ ሲጫወቱ፣ እሳቸው የባንዳቸውን ልጆች አስነስተው፣ ወለሉን በቀኝ ተረከዛቸው ሁለቴ መትተው ያንን የሚያዘልል ብሉዝ ለቀቁት። እንዲህ የጀመሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ባንዱ የሚነሳው በተረከዝ ነው።

ዛሬ እግራቸው ተነሳ። እንደ ጨርቅ ወደቀ። ድምፅ የለም። አብረዋቸው ያረጁት ድራም መቺ ጋሽ ግርማይ፣ እጃቸውን አንስተው ቀሩ።

«በየነ፣ እግርህ የመኖሪያ ፔርሜሶው አለቀበት እንዴ?» አሉ አባባን።

«ክዌስቱራ፣ ፖሊሶቹ ዘንድ ሄዶ ያሳድሳል!» አባባ።

«በምኑ ይሄዳል?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። 

ጋሽ ግርማይ እኔ ልቁጠር አሉ። አባባ እምቢ። በከዘራዎ ይምቱ አልኩ። የባሰ እምቢ። ወለል በዘንግ የሚመታው ለማኅሌት ነው፤ ለዳንኪራ አይሆንም አሉ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ምሳ አልበሉም። ሳክስፎኑን መልሰው ጠቅልለዋል። ለሙሽሮቹ ደውዪ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ አሉኝ።

ስልኩን ይዤ ኩሽና ቆሜአለሁ። አልደወልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ሆኜ ስለ አባቴ ጽፌአለሁ። አንድም ቀን አልጨፈርኩም። ያን ተረከዝ ግን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ከመምታቱ በፊት ትከሻቸው ትንሽ ዝቅ ይላል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17፣ ማታ

ሳክስፎኑን ራሴ ፈታሁ። አንገታቸው ላይ አጠለቅኩት። ባለ ጠንካራ ተረከዝ ጫማዬን አድርጌ ጎናቸው ቆምኩ። 

ትከሻቸው ዝቅ አለ። መታሁ። ቸኮልኩ።

«ልጅቷ ሜትሮ ባቡር ሊያመልጣት ነው!» ጋሽ ግርማይ።

ደገምን። እንደገና። አንዴ ገባ፤ ባንዱ እንዳለ ተነሳ፣ የወለሉ ንዝረት በጉልበቴ በኩል ወጣ። አባባ ዞር ብለው አላዩኝም። ሲጨርሱ ጫማዬን አዩ። ተረከዙ ላይ ብረት አስመቺበት አሉ።

ምስጋናቸው ይህ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19፣ ጧት

ብረቱ ተመትቷል። ከክፍል ክፍል ስሄድ ኮቴዬ ቤቱን ሙሉ ይሰማል። ብቸኩልስ? ሰው ሁሉ እያየ?

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ አልይዝህም። የመጨረሻው ወንበር ላይ የለሁም።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። አይጣሩኝም። ትከሻቸው ዝቅ አለ። ተነሳሁ።