ይከፈታል የተባለ ዳሌ፦ የወይዘሮ ቪሻላክሺ ሱባራያ የሕይወት ታሪክ (1958–2023)

ወይዘሮ ቪሻላክሺ ከአባታቸው ከዮጋ መምህር ሱባራያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊሪጃማ እ.ኤ.አ. በ1958 በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በናንጃንጉድ ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ሱማቲ ነኝ። ባረፉ በዐሥራ ሦስተኛ ቀናቸው፣ ዘመድና ተማሪ በተሰበሰበበት፣ በተለይም ከሰኞ ጀምሮ የእናቷን ቦታ በምትረከበው በአንድያ ልጃቸው በቻሩላታ ፊት እንዲነበብ ነው። ቻሩ፣ ጆሮሽን ስጪኝ።

አባታችን በ1966 ማይሶር ከተማ ማስተማሪያ ሲከፍቱ ቤተሰቡ አብሮ ተዛወረ። ወይዘሮ ቪሻላክሺ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1979 በሳንስክሪት ቋንቋ ተመረቁ። ዋናው ትምህርታቸው ግን የአባታቸው ምንጣፍ ላይ ነበር።

አባታችን ሲያስተምሩ ውሃ የሞላ የመዳብ ማሰሮ ያቀርቡ ነበር። ዳሌ ይህ ማሰሮ ነው፤ ወደፊት ሲያዘነብል ወገብ ይሰረጎዳል፣ ወደኋላ ሲያዘነብል ጀርባ ይጎብጣል ይሉ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም አስተምረዋለሁ። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። «የማይከፈት ዳሌ የለም፤ ያልታገሠ ሰው እንጂ» ይሉ ነበር። እግርን በተቃራኒው ጭን ላይ አጣጥፎ ሲቀመጥ ጉልበቱ መሬት ለነካለት ተማሪ የጃስሚን አበባ ጉንጉን ይጠለቅለታል። ብሽሽቱን ያመመው ደግሞ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ሌላ ቤት «ምን ሆንክ?» ነው የሚባለው፤ እኛ ቤት «እየተከፈተ ነው» ይባላል።

የእህቴ ቀኝ ጉልበት እሺ አላለም። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ጉንጉኑን ሳገኝ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበሩት ታላቄ ጓዳ ገብተው አለቀሱ። ዐሥራ አንድ ዓመት ታግለው በ1981 ጉልበታቸው መሬት ነካ። አባታችን ጉንጉኑን ሲያጠልቁላቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ እኛ ግን እልል አልን።

በ1983 በባቡር መሥሪያ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ማዳቫ ራዎ ጋር ትዳር መሥርተው በ1986 ቻሩላታን ወለዱ። አባታችን በ1994 ሲያርፉ ማስተማሪያውን ተረከቡ። ሃያ ስምንት ዓመት አስተማሩ፤ ቀልዳቸውን የማያስታውስ ተማሪ የለም። ጀርባውን አጉብጦ ወደፊት የሚያጎነብሰውን «አንተ! ዳሌህን አዙር እንጂ! እንደ አስተናጋጅ ጎብጠህ ሾርባ ልታቀርብልኝ ነው እንዴ?» ይሉት ነበር።

በ2016 ኢላንጎ የሚባል ተማሪያችን፣ የአጥንት ሐኪም፣ የአንድ እጁን ቡጢ በሌላው እጁ መዳፍ ውስጥ እያዞረ አስረዳን። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ ጉድጓድ የአንዱ ሰው ወደ ጎን፣ የሌላው ወደፊት ያያል፤ የአንዱ ጥልቅ ነው፣ የሌላው አይደለም። «እማማ፣ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ጅማት ቢሳብ ምን ይፈይዳል?» አላቸው። «ልጄ፣ አጥንትህን ለሆስፒታልህ አቆየው» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በ2020 ሕመሙ ጠባዩን ለወጠ። ድሮ ሲቀመጡ መጥቶ ሲነሱ ይሄድ የነበረው፣ ተኝተውም አልላቀቅ አለ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ደረጃ ሲወጡ ቀኝ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። አቶ ማዳቫ «ራጅ እንነሳ፣ አንዴ ብቻ» ብለው ለመኗቸው። «እርስዎ ደግሞ በሽታ ፈላጊ ሆኑ!» አሏቸው። እኛም ሁላችን እየተከፈተ ነው አልን። በየማለዳው ቀኝ ጉልበታቸውን በሙሉ ክብደቴ የምጫነው እኔ ነበርኩ። «ጨምሪ» ይሉኛል፤ እጨምራለሁ።

ኅዳር 2022 በጠዋቱ ትምህርት ላይ ስጫናቸው የጭናቸው አጥንት ከአንገቱ ተሰበረ። ድምፁን አርባ ተማሪ ሰማ። ከኋላ የነበሩት ተከፈተ ብለው አጨበጨቡ።

አጥንቱን ዕጢ በልቶት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም ተባለ። ቀድሞ ቢታይ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ የሆስፒታሉ ሐኪም ራጁን ወደ ፖስታው መለሰ። ከሰባት ወር ሕመም በኋላ ሰኔ 3 ቀን 2023 በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዘው «ሱማ፣ የቻሩን ጉልበት እንዳትነኪ» አሉኝ። ሌላ ኑዛዜ የላቸውም።

ለወይዘሮ ቪሻላክሺ የሚያዝኑላቸው ባለቤታቸው አቶ ማዳቫ፣ ልጃቸው ቻሩላታ፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔ እህታቸው ነን።

ባለፈው ሐሙስ፣ ቻሩ ከለቅሶ ምንጣፍ ስትነሳ ብሽሽቷን ይዛ አነከሰች። አጠገቧ የነበረች ተማሪ ጎንበስ ብላ «እንኳን ደስ አለሽ» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ቻሩም ፈገግ አለች። ቻሩ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚያምሽ ስጠይቅሽ «ከመስከረም ጀምሮ ነው አክስቴ፣ ምንም አይደለም» አልሽኝ። መስከረም ማለት ዘጠኝ ወር ነው ልጄ! ሰኞ ትምህርት የለም። ሰኞ ራጅ ትነሻለሽ፤ እምቢ ካልሽ ተሸክሜ እወስድሻለሁ። ከዚያ በፊት የቻሩን ጉልበት የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚገናኘው።

አመዳቸውን የካቬሪ ወንዝ ተቀብሎታል። ነፍሳቸውን አምላክ ይቀበል፤ ሕመም በሌለበት ያሳርፋቸው። የእኔንም እጆች ይቅር ይበላቸው።