የአጥሩ መስቀል

ቢቸና፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመምህር ታዘበው፣

ከዚህ እስከ ሐረር ባለው መንገድ ልክ ናፍቆቴ ይድረስህ። እኛ ለመድኃኔ ዓለም ክብር ይግባውና ደህና ነን።

ከገበያ ወደ ቤታችን በሚያመጣው መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ አጥር ታስታውሰዋለህ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባባ እጃቸውን በአጥሩ ላይ እያስኬዱ ሲመጡ ድንገት ቆሙና «ማናለሽ፣ እዚህ ላይ መስቀል ተቀርጿል» አሉኝ። ዕድሜ ልካችንን ስናልፍበት አንዳችንም አላየነውም! አፈሩን ባራግፈው ከሥሩ የግዕዝ ጽሕፈት ወጣ።

«በግራኝ ጊዜ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ይሆናል፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። ስንቱን የቅኔ ተማሪ ያወጡ ሰው፣ እኔን አንብቢ ማለታቸው! ፊደሉን አንድ በአንድ ስጠራላቸው እሳቸው አያያዙት። «ተዘከረኒ እግዚኦ» ይላል፤ አቤቱ አስበኝ ማለት ነው አሉኝ።

ዘንድሮ ለጊዮርጊስ ንግሥ ሞጣ አልሄዱም፤ በቅሎዋ ደክማለች ብለው ቀሩ። በቅሎዋስ ደህና ናት። ፎቶግራፍህ ደርሶናል፤ አባባ ከትራሳቸው ሥር አኑረውታል። «ጢም አሳድጓል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

አባባ መርቀውሃል፤ የወጣህበት ደጅ በሰላም ይመልስህ። ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ና። ስትመጣም እንደ ልማድህ ድምፅህን አጥፍተህ አትግባ፤ ገና ከደጅ ጀምረህ ተናገር።

እህትህ ማናለሽ