መኪናችንን ከመንገድ ስላዳኑልን

ለክቡር ዶክተር ኤርሜስ ፎርጊየሪ
የ«ነገ ቅርስ» መጽሔት የመኪና ዋጋ ትንበያ አምድ አዘጋጅ
ሚላኖ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ከሞዴና የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ከትንበያዎ ይልቅ የተረጋጋ፣ ዕድሜዎም ባለቤቴን ጠብቅ ካሉት ዘመን የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ሎረዳና ቤርቶላኒ እባላለሁ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን በሚገባ አውቅዎታለሁ፤ ምክንያቱም ስምዎ በቤታችን ከከተማችን ጠባቂ ከቅዱስ ጀሚኛኖ ስም ይልቅ አዘውትሮ ይጠራል።

ባለቤቴ ኢቫኖ ዕድሜውን ሙሉ በሳሱኦሎ የወለል ሸክላ ሲያቃጥል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የፋብሪካ ድርሻውን ሸጠና የልጅነት ሕልሙን ገዛ፦ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የሚያርገበግብ የስፖርት መኪና። ሕልሙ ግን መኪናውን ማስቀመጥ አልነበረም። የአቤቶኔን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ በገዛ እጁ እየነዳ ወጥቶ፣ በማዶው ወርዶ፣ በባሕሩ ዳርቻ ዓሣ ሊጋብዘኝ ነበር። መኪናው በገባ በሳምንቱ የእርስዎ አምድ ወጣ፦ «ይህ ሞዴል የነገ ቅርስ ነው። ብልህ ባለቤት አይነካውም፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከዋጋው ይበላል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛም ብልህ ሆነን ተቀምጠናል። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ወንበሮቹ አመሰግናለሁ። የፋብሪካው ላስቲክ ዛሬም አልተነሳም። አንድ ቀን እንደው ልቅመሰው ብዬ በሩን ስከፍት ኢቫኖ ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ፣ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን! ላብ ቆዳ ያበላሻል ተብሏል እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ስለ ላቤ ቅሬታ አቅርቦ የማያውቅ ሰው ነው።

፪ኛ. ስለ አካል ብቃታችን አመሰግናለሁ። ቆሞ የከረመ ጎማ በአንድ ጎኑ እንደሚበላሽ ስለ ጻፉ፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ኢቫኖና ወንድሜ ጓልቲየሮ መኪናውን በእጃቸው እየገፉ በጋራዡ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱታል። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ተኝቶ ሁለት ሽማግሌዎች ላብ በላብ ይሆናሉ። ጓልቲየሮ ባለፈው ወገቡን ይዞ፣ «አማቼ፣ አህያ ብትገዛ ኖሮ ቢያንስ ተፈናጥጠን እንሄድ ነበር!» ሲለው፣ ባለቤቴ ሳይስቅ፣ «አህያ ዋጋዋ አይጨምርም» ብሎ መለሰለት።

፫ኛ. ስለ ልጃችን ሠርግ አመሰግናለሁ፤ ይህንን ግን ስጽፍ ትንሽ ከፍቶኛል። ሚሬላ አባቷ አንድ ቀን በሚገዛው መኪና ቤተ ክርስቲያን ልትደርስ ከልጅነቷ ቃል ተገብቶላት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ኢቫኖ ደመናውን አየና፣ ደግሞም በሙሽሮች ላይ የሚበተነው ሩዝ ቀለሙን እንዳይጭረው ፈራ። ሙሽራዋ በአጎቷ የሸክላ ማመላለሻ መኪና ሄደች። ነጩ ቀሚሷ ከኋላው አቧራ ይዞ፣ እሷ እየሳቀች ወረደች። እኔ አልሳቅሁም።

፬ኛ. ስለ ቀጠሮዎችዎ። መጀመሪያ «ሦስት ዓመት ይታገሡ» አሉ። ሦስቱ ዓመት ሲሞላ፣ ገበያው ገና ስላልበሰለ አምስት ይሁን አሉ። ቀጥሎም የኤሌክትሪክ መኪናዎች ዓለምን ሲሞሉ የቤንዚን ሞተር እንደ ቅዱሳን ዐፅም ይፈለጋልና ዐሥር ዓመት ቢታገሡ ይሻላል አሉ። ትንቢትዎ በደረስንበት ቁጥር የሚሸሽ ቢሆንም፣ የሸሸበትን ምክንያት ሁልጊዜ በሚያምር ቋንቋ ስለሚያስረዱን እናመሰግናለን።

በዚህ መካከል ስለ ኮምጣጤያችን ሳልነግርዎ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ሚሬላ ስትወለድ እንደ አገራችን ልማድ በጣሪያችን ሥር ከትልቅ እስከ ትንሽ በርሜሎች ደርድረን፣ በቆየ ቁጥር የሚከብር ኮምጣጤ ጀመርንላት። ኢቫኖ ስለ መኪናው ስናገረው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ «እዚያ ያለውን አላየሽም እንዴ? ዝም ባልነው ቁጥር አይደል የከበረው?» ይለኛል። ዝም አላልነውም እኮ፣ ክቡር ሆይ! በየክረምቱ ከትንሹ በርሜል እየቀዳን እንቀምሳለን፤ የጎደለውን ከሚቀጥለው እንሞላለን። ሳይቀዳ የተተወ በርሜል ይደርቃል። ይህን ሞዴና ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ ባለቤቴም ያውቅ ነበር፣ እርስዎን ማንበብ እስከ ጀመረ ድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በፀደይ፣ ወይኑ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። ሐኪሟ መረመረችው፣ ደግማ መረመረችው፣ ከዚያም ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ፣ «ሲኞር ኢቫኖ፣ የወይን ለቀማው እስኪያልቅ በቀን ብርሃን ይንዱ። ከዚያ በኋላ ግን መንጃ ፈቃድዎን ላድስልዎ አልችልም» አለችው። ባለቤቴ ምን ብሎ መለሰላት መሰለዎ? «ችግር የለም ዶክተር፣ የመኪናው ጊዜ ገና ነው።» ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኔ ሰው የሚሻርበት ቀን ተነግሮታል፣ ወይኑም ከወዲሁ ጠቁሯል።

እኔ ብናገር አይሰማኝም፣ ሐኪሟ ብትናገር አይሰማትም፤ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጻፉልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ሙያዎ ላይ እንዳልገባብዎ እፈራለሁ እንጂ፣ ሐሳቡንም ላዋጣ እችላለሁ። ምክርዎን ሁሉም ሰምቷል፤ ከዚህ እስከ ቦሎኛ ባሉ ጋራዦች ውስጥ ይኸው መኪና፣ ላስቲኩ ሳይነሳ፣ በሽማግሌዎች እየተገፋ ይኖራል። ያልተነካው እንዲህ ከበዛ፣ ነገ ብርቅ የሚሆነው ወንበሩ የሰው ቅርጽ የያዘው፣ ጎማው የተራራ መንገድ የበላው አይደለምን? እርስዎ የገበያ ሰው ነዎትና ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ለሚያደርጉልን ትብብር ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ለብዕርዎ ለዘብታን፣ ለጋራዥዎም፣ ካለዎት፣ የተከፈተ በርን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በላስቲክ እንደ ተሸፈነ ፍቅር ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

የዘወትር አድማጭዎ፣
ሎረዳና ቤርቶላኒ
ሞዴና

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አድማጭዎ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ባለቤቴ ሩቁን ገና ያያል፤ ደቃቅ ፊደል ግን ከጠፋበት ቆየ፣ ስለዚህ አምድዎን በየወሩ ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝ፤ እሱ ሲሰማ እኔም አብሬ እሰማለሁ። በዚህ ወር እጅግ ግሩም ነገር ጽፈዋል፦ «የዚህ ሞዴል ባለቤቶች ከወይን ለቀማው በፊት ሚስቶቻቸውን ይዘው ተራራ ይሻገሩ፤ ያልተሻገረ መኪና ቅርስ አይባልም።» ኢቫኖ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ ከዚያም ዓይኑን ጠርጎ፣ «አየሽ ሎረዳና፣ ሰውዬው እኮ ያውቃል!» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን። በስምዎ ከተነበቡት ትንበያዎች ሁሉ እንደሚፈጸም እርግጠኛ የሆንኩት በዚህ ብቻ ነውና፣ እባክዎ እስከዚያ ድረስ ማስተባበያ አያውጡበት።