የዘጠነኛው ምስክር ድምፅ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱ አባባ? ደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? ኪኒኑን በየጠዋቱ ይወስዳሉ ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያሉ ይዘሉታል? ብርዱ ጉልበትዎ ላይ አልጸናም? እማዬስ የጥርሷ ነገር ተሻላት? የወንድሜ መንትዮች ቤቱን ገልብጠውት እንደሚውሉ አልጠራጠርም። እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርዎት ነው። ስልክ ብደውል እማዬ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማናል። ስለዚህ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ስለ ሥራዬ ብዙ ነግሬዎት አላውቅም። ለጎረቤት «አሮጌ ወረቀት ትጠርጋለች» እያሉ ያወሩ ነበር፤ ብዙም አልተሳሳቱም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንድ የፊልም ቡድን ወደ ቤተ መዛግብታችን መጥቶ ስለዚያ ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ መሆኑን ነገረን። እኔ ማስረጃ ፈላጊያቸው ሆኜ ተመደብኩ። ጦርነቱ ሰውን እስከ ዛሬ ለሁለት እንደከፈለ ያውቃሉ፤ ግማሹ ነጻ ያወጣን ነው ይላል፣ ግማሹ ያዋረደን ነው ይላል፣ ወንድማማቾች በሱ ይኳረፋሉ። የኔ ሥራ ግን ካርቶን መክፈት፣ አቧራ መጥረግና ማን መቼ ምን እንዳለ መመዝገብ ነው። የምሠራበት ምድር ቤት አሮጌ ፊልም ስለታጨቀበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ልብሴን ሳጥበው እንኳ አይለቅም። አለቃችንን «ማህተሙ» እንለዋለን፤ ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ማህተም ስለሚመታ። አንድ ቀን የምሳውን መጠቅለያ ሳይቀር መታበት ብለው ያሙታል።

የዛሬ ሰባት ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ጦርነቱ እንዳበቃ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ የሰበሰበው የምስክሮች ቃል እጄ ገባ። የኮሚቴው ሪፖርት ታትሞ አያውቅም። ይፋ የወጣው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም በጦርነቱ ታስረው ከቆዩበት የእህል መጋዘን ተወስደው ስለጠፉት ሃያ አንድ ሰዎች «በዕለቱ አንድም የጭነት መኪና ድልድዩን አልተሻገረም» ይላል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የሚከራከረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ከካርቶኑ ሥር አንድ የቴፕ ጥቅል አገኘሁ። በላዩ «ዘጠነኛ ምስክር፣ ሾፌር፣ ጥቅል አንድ» ተብሎ ተጽፏል እንጂ ስም የለበትም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማሽኑን አስነሳሁት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ጉሮሮ ሲጠረግ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛ በጣት ሁለቴ ሲንኳኳ። ከዚያ አንድ ወጣት «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። አባባ፣ እርስዎ ነዎት። ድምፅዎ ገና አልጎረነነም፣ ቀጠን ይላል፤ ግን ወዲያው ለየሁት። የትምህርት ቤት ውጤቴን አይተው ሊገሥጹኝ ሲሉ፣ አያቴ መሞታቸውን የነገሩን ቀን፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መትተው የጀመሩት በዚሁ ቃል ነበር።

ቴፑ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምትወስዳቸው ተባልኩ» ይላሉ። «ድልድዩን ስንሻገር አጠገቤ የተቀመጠው መኮንን ከዋናው መንገድ ታጠፍ አለኝ። ከኋላ መስኮቱን እያንኳኩ ውሃ ለመኑኝ። ኮዳዬ እግሬ ሥር ነበር። አልዞርኩም።» ጠያቂው ቦታውን ታስታውሳለህ ወይ ሲልዎት «ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ፤ ቦታው…» ብለው ሳይጨርሱ ቴፑ ያልቃል። ጥቅል ሁለት የነበረበት ሣጥን ባዶ ነው። መደርደሪያ ለመደርደሪያ፣ ካርድ ለካርድ ፈልጌ አጣሁት።

እኔ የማውቅዎት አናጢ ሆነው ነው። መኪና መንዳት እንደሚችሉ እንኳ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከአጎቴ ነው፤ ለምን እንደተዉት ስጠይቅ እማዬ «ዓይኑ ነው» ትለኝ ነበር። ዓይንዎ ግን የሚስማር ጫፍ አይስትም። አልፈረድኩብዎትም ብል መዋሸት ይሆንብኛል። በመጀመሪያው ቀን ፈርጄብዎታለሁ። በሁለተኛው ቀን አዘንኩልዎት። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሥራ ላይ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ሰኞ ዋሸሁ። የቴፑ መታወቂያ ቅጽ ላይ «ድምፁ አልታወቀም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ማህተሙም ዓይኑን ሳያሽ መታልኝ። ቅጂውን ለፊልሙ ቡድን ሰጠሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

አላበቃም። በየማክሰኞው ወደ ማንበቢያ ክፍላችን የሚመጡ አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ፤ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ መርፌ መሰኪያው እጃቸው ላይ እንደታሰረ ነው የሚመጡት። ከሃያ አንዱ አንዱ ታናሽ ወንድማቸው ነው። አዲስ የተገኘ ነገር እንዳለ ይጠይቁኛል፤ የለም እላቸዋለሁ፤ አመስግነው ይሄዳሉ። ቅጹን በፈረምኩ ማግስትም መጡ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የለም» አልኳቸው። እሳቸው ግን ያን ቀን ቶሎ አልሄዱም። «ልጄ፣ እኔ ማንንም ልከስስ አይደለም የምመላለሰው» አሉኝ። «ሳለቅስ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ማወቅ ነው የምፈልገው።» ከሄዱ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩት።

ባለፈው ሳምንት የፊልሙ ዳይሬክተር የፊልሙን መጀመሪያ ኑ እዩልን ብላ ጠራችን። ሰባት ሆነን በጠባቧ የኤዲቲንግ ክፍል ተጨናንቀን ተቀመጥን። መብራቱ ሲጠፋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላው የርስዎ ድምፅ ነው። እስከ «አልዞርኩም» ድረስ ተሰማና ቆመ። የድምፅ ባለሙያው «ምን ዓይነት ሰው ነው ውሃ ሲለመን የማይዞር?» አለ። ኤዲተሯ «ጎንህ ላይ ጠመንጃ ተደግኖ አንተ ትዞር ነበር?» አለችው። ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረው «አንቺ ነሽ ያገኘሽው፤ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ዳይሬክተሯ ተከትላኝ ወጣች። ኃይለኛ ሴት ናት፣ ሰው የሚፈራት። ምን ሆነሽ ስትለኝ «ዘጠነኛው ምስክር አባቴ ናቸው» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እሳቸው ያውቃሉ?» አለችኝ። አያውቁም አልኳት። «እንግዲያው ከኔ በፊት ለሳቸው ነበር መንገር ያለብሽ» አለችና ተነስታ ገባች። ያኔውኑ ድምፅዎን ከፊልሙ አስወጣችው። ቡድኑ ተንጫጫ፤ ያለዚህ ቴፕ ፊልሙ ባዶ ነው አሏት። «በሕይወት ያለ ሰው ሳይፈቅድ ድምፁን አልጠቀምም» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። እኔንም ቅጹን እንዳስተካክል አዘዘችኝ፤ አስተካከልኩት። «ድምፁ ታውቋል፤ ባለቤቱ እስኪፈቅዱ ስማቸው አይገለጽም» ብዬ ጽፌ ለማህተሙ ወሰድኩለት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ማህተሙን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ቀለም አልቆብኛል» አለኝ፤ «ወር እስኪያልቅም አይመጣም።» ቀለሙ ፊት ለፊቱ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ ማለት ነው።

እነሆ ጻፍኩልዎት አባባ። ስጋቴ ብዙ ነው። ፊልሙ እንዳይሠራ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ የካሜራ ባለሙያችንን መኪና መስታወት ሰብረውበታል፣ ቢሮው ስልክ እየደወሉ ሙታንን አትቀስቅሱ ይሉናል። ስምዎ ቢወጣ በዚያ ሰፈር ምን እንደሚደርስብዎት አላውቅም። ይህን አንብበው ደም ግፊትዎ ቢነሳስ? እማዬ ታውቅ እንደሆነም አላውቅም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ደብዳቤውን አጥፈው ኪስዎ ከትተው፣ በሚቀጥለው ስልክ ስለ ዝናቡ ሊያወሩኝ ይችላሉ ብዬ ነው።

ስለ ፊልሙ አልለምንዎትም። ፈቀዱም አልፈቀዱም ልጅዎ ነኝ። የምለምንዎት ቦታውን ብቻ ነው። በየት እንደታጠፉ፣ ምን ያህል እንደሄዱ፣ መኪናው የት እንደቆመ። ዛፍ ካለ ዛፍ፣ ጉብታ ካለ ጉብታ፤ መጻፉ ከከበደዎት በእርሳስ ይሣሉልኝ። ስምዎን አላነሳም። ወረቀቱን ራሴ ገልብጬ የርስዎን አቃጥለዋለሁ፤ ወረቀት ጠባቂዋ ልጅዎ ወረቀት አቃጥላለሁ ስትል ምን ያህል እንደጨነቃት ይረዱታል። መቆጣት ከፈለጉም ጽፈው ይቆጡኝ፤ ዝምታዎን ግን አልችለውም። ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ስለፈራሁ በሰው እጅ ነው የሰደድኩት። ያመጣችልዎት ነርስ ጓደኛዬ ናት፤ ምንም አታውቅም፣ ታማኝ ናት፤ እስከ ሰኞ እዚያው ትቆያለች። መልሱን ለሷው ይስጧት።

እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጥርሷን ሳትታይ ካመለጠች ራሴ መጥቼ ጎትቼ እወስዳታለሁ ይበሏት። ወንድሜን ሰላም ይበሉት፤ የሰው ስልክ ማንሳት ይልመድ። ሚስቱን አክብሬ እጅ እነሳለሁ፤ ያን ሁሉ ሰው ችላ ማኖሯ ቀላል አይደለም። መንትዮቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ፤ ትልቋ ቀድማ ካልተሳመች እንደምታኮርፍ አልረሳሁም። አጎቴን ሳሉ ለቀቀው ወይ ይበሉልኝ።

የቀረችውን አንዲት ሰላምታ ግን ለራስዎ ብቻ ያንብቡ። ትናንት ልብስ ሰፊዋ መጥተው ወረቀትና ብዕር ይዤ ስተክዝ አገኙኝ። ምን ልትጽፊ ነው ሲሉኝ «ለአባቴ» አልኳቸው፤ ሌላ አልነገርኳቸውም። «በሕይወት አሉልሽ? ታድለሽ» አሉኝ። እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘው «ሰላም በይልኝ» አሉ።

ናፋቂ ልጅዎ

ከማንበቢያ ክፍሉ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ
ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን