የአልጋው ብረት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጓንት አለ። ማደንዘዣ የለም፤ ለስፌት የሚወጋው። ካለቀ ሰነባብቷል። ግምጃ ቤቱ ተጠይቋል ይላል። ሁልጊዜ ተጠይቋል። ቤተሰብ ከውጭ ይግዛ እንላለን፣ ያለው ይገዛል።

ሻምሲያ የምትባል ልጅ፣ ከዲክሲስ፣ የመጀመሪያ ልጇ። ስታምጥ አድራ ጠዋት ወለደች። ወንድ። ተቀድዳለች፣ ስፌት ያስፈልጋታል። ዶ/ር ታምሩ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ጀመሩ። ባልየው መድኃኒቱን ሊገዛ ወጥቷል፤ አልጠበቁትም። ልጅቷ እግሯን ገጠመች። ማን አይገጥም? ኦብሲ አሏት፣ ቻይው። ደግማ ገጠመች። በጥፊ አጮሏት። ፊቷን።

ዶክተር! አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሲ/ር ጫልቱ፣ አዋላጇ፣ መብራቱን ይዛ ቆማለች። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና መስፋታቸውን ቀጠሉ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም።

ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። ነውር ነው አልኩ። ደክሞኛል አሉ፤ ደግሞ ስትንፈራገጥ መርፌው ቢስት ማን ይጠየቃል፣ ለራሷው ብዬ ነው። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ መለስ ብለው፣ መልቀቂያሽን ዓርብ አየዋለሁ አሉኝ። እንዲሁ፣ የወሬው ቅጥያ ይመስል። አዲስ አበባ ለመመለስ ያስገባሁት ማመልከቻ ነው።

ስሚኝ ማስታወሻዬ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ላይ አንቱ አልለውም። ፊት ለፊት እላለሁ፣ አፌ ለምዷል። እዚህ ግን አልልም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጉብኝት። የሻምሲያ ጉንጭ አብጧል። እናቷ አዴ ሃሊማ ከዲክሲስ ገንፎ በሳህን ይዘው ደርሰዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴትዮ። ልጄ ፊት ላይ ያለው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ጫልቱ ተረጎመች። አፌን ሳልከፍት ራሷ መለሰችላቸው። ከመልሷ አንድ ቃል ያዝኩ፣ ሲሬ፣ አልጋ።

ሴትዮዋ አልጋውን አዩት። ብረቱን ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጃቸው ዳሰሱት። ለስላሳ ነው፣ አንድም ጉጥ የለው። ልጃቸውን ማጉረስ ጀመሩ። ሻምሲያ ግድግዳውን እያየች ትጎርሳለች።

እኔ ለምን አልተናገርኩም? ቋንቋው የለኝም አልኩ ለራሴ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው አሰላ። የማውቀው ኦሮምኛ ሁሉ ማዘዣ ነው፤ ግፊ፣ ቻይ፣ ተኚ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጫልቱን ጠየቅኳት፣ ምነው እንዲህ አልሻቸው። ልጆች አሉኝ አለች። በቃ።

እኔም አንዲት ልጅ አለችኝ። አዲስ አበባ፣ እናቴ ጋ። ደወልኩ። ሜሮን የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ጣሪያ ላይ ወርውረውታል፣ እኔ በሌለሁበት። ለገና ትመጫለሽ ወይ አለች። ለገና ሳይሆን ለሁልጊዜ እመጣለሁ አልኳት። እሺ አለች። አላመነችኝም። እናቴን እማ ትላለች፣ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። እናቴ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰለቻቸው ልጄ የማህፀን ሐኪም ናት ትላለች። ሐኪሟ የወለደችውን ማን እንደሚያሳድግ ጠያቂ የለም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ብርድ። ጋዋን በሹራብ ላይ። ሻምሲያ ወጣች። ከአልጋው ሳትወርድ እናቷ ግንባሯ ላይ አንድ ነገር አሰሩላት። ቀነፋ ነው አለች ጫልቱ። አራስ ለወራት ታስረዋለች፤ እሱን ያሰረችን ሴት ባል አይመታትም፣ ሰው አይሰድባትም። የደፈረ እንደሆነ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጡበታል፤ ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። ጫልቱ ይህን ሁሉ የነገረችኝ መሬት መሬት እያየች ነው።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። አዴ ሃሊማ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ፣ ጠበቅ አድርገው። ምነው ባይጨብጡኝ።

መልቀቂያው፣ ሰኞ ይሁን አለኝ ታምሩ።

ልንገርሽ፣ ጭራቅ ቢሆን ቀላል ነበር። የመጀመሪያ ኦፕራሲዮኔን እጄን ይዞ ያሠራኝ እሱ ነው። ደም አልቆም ብሎኝ ስንቀጠቀጥ አይዞሽ ያለኝ እሱ ነው። በዚያው እጅ መታት። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መጡ። ከዲክሲስ በጭነት መኪና። በሩ ጋ ቆመዋል፣ ሲንቄ በአንድ እጅ፣ እርጥብ ሣር በሌላው። አይጮሁም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ያዜማሉ። አዴ ሃሊማ ከፊት። አስታማሚ ሴቶች አንድ በአንድ እየወጡ ይቀላቀሏቸዋል። ዘበኛው ወንበሩን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ፣ ታምሩ፣ ጫልቱ፣ እኔ። ሴቶቹ ምን ይፈልጋሉ? ልጅቷ ነግራቸዋለች፣ እስር ግን አይደለም አለች ጫልቱ። ሽማግሌ ይዞ ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ካሳውን ይካስ፣ መርቀው ይሄዳሉ። ታምሩ ሳቀ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳዋልድ ኖሬ በር ላይ ለባላገር ልንበርከክ? ሥራ አስኪያጁ ጫልቱን ጠየቀ፣ ያየሽው አለ? ሕፃኑን እያበስኩ ነበር፣ አላየሁም አለች። መብራቱን ማን ይዞ ነበር ታዲያ? ይህን የጠየቀ የለም።

እኔ አይቻለሁ አልኩ። መታት። ሥራ አስኪያጁ ያልሰማ መሰለ። ቆይቶ፣ በጣም ትሁት ሆኖ፣ እርስዎ ሴት ነዎት ዶክተር፣ ከእርስዎ ይቀበላሉ አለኝ። ነገ ጠዋት ወጥቼ የመታት የአልጋው ብረት ነው እንድላቸው ይፈልጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሴት ሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ስጠይቅ ሴትነቴ አልታያቸውም። ዛሬ ታያቸው!

ታምሩ መልቀቂያዬን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፈርሞበታል። የቀረው ማኅተም ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። ነገ፣ ነግረዋቸው ሲመለሱ፣ አለኝ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። እነሱም አሉ። ዘመድ ቤት አድረው ተመልሰዋል፣ ከትናንት በዝተዋል። ዛሬ ሻምሲያም መጥታለች፤ ሕፃኑን አዝላ፣ ቀነፋው ግንባሯ ላይ።

ማዋለጃ ክፍል ጫልቱን ብቻዋን አገኘኋት። አይቻለሁ በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚባለው አልኳት። ዕቃ መደርደሯን ቀጠለች። ልወጣ ስል ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ አርጌራ፣ አለች። ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስተምሩት፣ አርጌራ።

ነይ አብረን አላልኳትም። ልጆች አሏት።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ጋ ቆሞ እጁን እያውለበለበ ይጠራኛል። መልቀቂያው እሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የሜሮን ጥርስ እኔ ሳላይ ይበቅላል። እናቴ ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ ሜሮን ምን እንደማትልም። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ።

አርጌራ። አርጌራ። አፌ እስኪለምደው እየደጋገምኩ ወደ ሴቶቹ እወጣለሁ።