የፋርማሲስቱ መንጋጋ

ጥቅምት 4
ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። ቆሎ ስቆረጥም ግራ መንጋጋዬ መጨረሻ ላይ ጠቅ አደረገኝ። በመስታወት አየሁት... ድዱ አብጧል፣ ከሥሩ ጥርስ ብቅ ብሏል። የጥበብ ጥርስ ይሉታል። ጥበቡ የታለ?

ጥቅምት 6
ጉንጬም አበጠ። ሐኪም ዘንድ ልሂድ? ለምን? ከመደርደሪያው አሞክሳሲሊን፣ ያን ባለ ሁለት ቀለም የፀረ ተሕዋስያን እንክብል፣ አነሳሁ። ማን አዘዘ? እኔ። ማን ሸጠ? እኔ። ለደንበኛ ያለ ማዘዣ ስሰጥ ኖሬ ለራሴ ልሰስት?

ጥቅምት 8
ቀለለኝ። ለባለቤቴ ለሩሀማ ጉራዬን ነዛሁ። «የጥርስ ሐኪም እንጀራው የሰው ፍርሃት ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር... መርፌውን ፈርቼ ነው።

ጥቅምት 15
ተመልሶ መጣ፤ ያውም ጓዙን ጠቅልሎ። ትኩሳት። አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። ሩሀማ ሾርባ ልታጎርሰኝ ስትሞክር መጀመሪያ ሳቀች። ማንኪያው አልገባም። ሳቋ ጠፋ። «ተነስ!» ብቻ።

ማታ
ፒያሳ፣ ጥርስ ክሊኒክ። ዶክተር ፀሐይ ትባላለች፣ ቀልድ አታውቅም። «ጥርሱ የወጣው ግማሹ ነው። የቀረውን ድድ ሸፍኖታል። ምግብ ከሥሩ ይገባና ያመረቅዛል።» አጠበችው። የቆሎ ልጣጭ ወጣ!
«ክኒን ይህን ጠርጎ ያወጣል ብለህ ነው? ብትቆይ እብጠቱ ወደ አንገትህ ወርዶ ትንፋሽህን ሊዘጋ ይችል ነበር። ለመሆኑ መድኃኒቱን ማን ሰጠህ?»
«አንድ... ፋርማሲ» አልኩ። ሩሀማ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።
ትኩሳት ስላለኝ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፤ እብጠቱ ሲበርድ መንቀል።

ጥቅምት 24
ተነቀለ። መርፌው እንደ ጉንዳን ንክሻ... አለቀ። ለዚህ ነው ልሞት የነበረው?

ኅዳር 2
የቆዩ ደንበኛዬ እማማ ዘነበች ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው መጡ።
«ያችን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ስጠኝ ልጄ።»
በሰኔ ሰጥቻቸዋለሁ። በመስከረምም። ሁለቴ!
«አልሰጥዎትም እማማ። ሐኪም ይይዎት።»
«ሐኪሜ አንተ አይደለህ እንዴ?»
ምነው በሰደቡኝ!
ፋርማሲውን ለባልደረባዬ ለብሌን ትቼ በባጃጅ ፒያሳ ወሰድኳቸው። ዶክተር ፀሐይ አየቻቸው። ጥርሳቸው በስብሶ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ወራት አስቆጥሯል።
«እስከ ዛሬ ምን ሲወስዱ ነበር? ማን ነው የሚሰጥዎት?»
እማማ ዞር ብለው አዩኝ። ሊሸፍኑልኝ እንደሆነ ገባኝ።
«እኔ ነኝ» አልኩ።