ማንደፍሮን ከሙታን ጋር ጠሩት

ሮም፣ ኅዳር 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ የሺእመቤት፦ እንደምን ከርመዋል? እኔና ቤተሰቤ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ ሐሳባችን ግን እናንተው ዘንድ ነው።

እሑድ ዕለት፣ እዚህ ያለነው የእርሻ ኮሌጅ ጓደኞች ለሞቱብን ማኅበርተኞቻችን ጸሎት አስደርገን ነበር። አባ ተስፋ ሥላሴ ፍትሐት ሲያደርሱ የሟቾቹን ስም የሚጠራው የቢሮ ባልደረባዬ ቶሎሳ ነው። ድንገት «ማንደፍሮ» አለ፤ የኛን ማንደፍሮ! ደሜ ፈላ።

«ወንድሜ ታሰረ እንጂ መቼ ሞተ? እትዬ የሺእመቤት በየሳምንቱ ስንቅ ያደርሱለታል!» ብዬ ጮህኩበት።

ቶሎሳ አንገቱን ደፍቶ «የሰማሁትን ነው፣ ይቅርታ» አለ። አባም «አሎራ፣ እንግዲህ ለሕያዋንም ይጸለያል» ብለው ሊያበርዱኝ ሞከሩ። ይባስ ብላ ባለቤቴ ዓለም እንባዋን ትጠርጋለች። ሰው በቁሙ ይለቀሳል? ጥያቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቶሎሳን ሰላም አልለውም።

እትዬ፣ ባለፈው ሲጽፉልኝ የሁሉንም ደህንነት ነግረውኝ ማንደፍሮን ዘለሉት፤ መቼም ቸኩለው ይሆናል። ለብርዱ ሹራብ ልገዛለት ነው። ሰሞኑን ከእስር ቤት ለአጠባ ካወጣው ሸሚዝ ለክተው ልኩን ይላኩልኝ። የድሮውን ልኩንማ አውቀዋለሁ።

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ያለምዘውድ